ትሎቹ የት ሄዱ? ከቀሃ ወንዝ ዳር ለመጣ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ይህ ነው።

«ጎንደር ቀሃ ወንዝ ዳር ትንሽ የአትክልት ማሳ አለን። አባቴ ነው ያቀናው። ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ካሮትና ቲማቲም እናመርታለን። ውሃ በሞተር የምንስበው ከወንዙ ነው፤ ከኛ ከፍ ብሎ ጋራዦችና መኪና አጣቢዎች አሉ። ድሮ ስንኮተኩት የመሬት ትል በሽ በሽ ነበር። አሁን በወንዙ በኩል ባሉት መደቦች አንድም አይታይም፤ ከላይ በቤቱ በኩል ግን አለ። ያስገባነው ፍግና ገለባም ሳይበሰብስ እንዳለ ይገኛል። አንድ ጓደኛዬ ‹ሄቪ ሜታል ነው፣ መሬቱ ሞቷል› አለኝ። እውነት ነው? ደግሞ ዶሮዎቻችን እዚያው ሲጭሩ ነው የሚውሉት።»

መሬቱ አልሞተም። ጓደኛዎም ግን ከመሬት ተነስቶ አላወራም። ከጋራዥና ከመኪና እጥበት የሚወርድ ውሃ እርሳስ፣ ዚንክ፣ መዳብና ካድሚየም ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ሄቪ ሜታል የሚባሉት እነዚህን የመሰሉት ናቸው፣ ከዚህ በታች «ብረት» የምለውም እነሱን ነው። ጥፋቱ ሳይለካ መፍረዱ ነው።

ከጥያቄዎ ሁለት ነገር ትኩረቴን ሳበው። ትሉ የጠፋው በወንዙ በኩል ብቻ ነው። ፍጉና ገለባውም አልበሰበሰም። እነዚህ ሁለቱ ባይኖሩ ኖሮ «እስኪ ክረምቱ ይግባ» ብዬ አልፈው ነበር። በበጋ መሬት ሲደርቅ ትል ወደ ታች ይወርዳል፤ ብዙው ዝርያ ራሱን ቋጥሮ እርጥበት እስኪመለስ ይተኛል። መጋቢት ላይ ደረቅ መሬት ቆፍሮ «ትል ጠፋ» የሚል ሰው ሞልቷል። የእርስዎ ግን በመስኖ የሚርስ መሬት ነው። ያውም የላይኛው መደብ ትል እያለው የታችኛው ባዶ ሆኗል። ይህን ወቅቱ ብቻውን አያመጣውም።

ሰው የሚያየው ትሉን ነው እንጂ አፈር ውስጥ ያለው ሠራተኛ ብዙ ነው። ኮለምቦላ የምትባል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 ሚሊሜትር የማትበልጥ፣ ስትነካ የምትፈናጠር ፍጥረት አለች። ማይት አለ፤ የመዥገር ዘመድ ነው፣ ግን አፈር ውስጥ ያለው አብዛኛው ሰውንም ተክልንም አይነካም። በዓይን የማይታይ፣ ኔማቶድ የሚባል ደቃቅ ትል አለ። ሺህ እግርና ጢንዚዛም አሉ። ትል ገለባውን ከአፈር ጋር ያዋህዳል፣ ይፈጫል። ኮለምቦላና ማይት ሻጋታውን ይግጣሉ። ባክቴሪያና ሻጋታ የቀረውን ይጨርሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ፣ የብዙ ሙከራዎችን ውጤት አንድ ላይ ያየ ዳሰሳ፣ ትል ባለበት አፈር የሰብል ምርት በአማካይ በ25 በመቶ ገደማ ከፍ ብሎ አግኝቶታል። ስለዚህ የፍጉን አለመበስበስ እንደ ተራ ነገር አይዩት። ለእኔ ከትሉ መጥፋት ይልቅ እሱ ነው ይበልጥ የሚናገረው።

አሁን ብረቱ ምን እንደሚያደርግ እንይ። ትል ሳንባ የለውም፤ የሚተነፍሰው በእርጥብ ቆዳው ነው። በአፈሩ እርጥበት ውስጥ የሟሟ ብረት በዚያው ቆዳ ይገባል። አፈርም ስለሚበላ በአንጀቱ ሁለተኛ በር አለ። ከዚያ በኋላ እንደየብረቱ ይለያያል። ካድሚየምን ትሉ በቀላሉ ማስወጣት አይችልም። ሜታሎቲዮኒን በሚባል ፕሮቲን አስሮ ሰውነቱ ውስጥ ያስቀምጠዋል። በዚህ የተነሳ በትሉ ሥጋ ያለው ካድሚየም በአፈሩ ካለው በብዙ እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። እርሳስ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ አይከማችም። ዚንክን ሰውነቱ ስለሚፈልገው መጠኑን ይቆጣጠራል፣ የተረፈውን ይጥላል። መዳብም ለሕይወት ያስፈልጋል፤ ነገር ግን ትንሽ ሲያልፍ ለትል ክፉ መርዝ ነው። ኮለምቦላ ደግሞ የራሷ ብልሃት አላት። ቆዳዋን በለወጠች ቁጥር የአንጀቷን ውስጠኛ ሽፋንም ትጥላለች። ያጠራቀመችው ብረት አብሮ ይወጣል። ትል በጠፋበት ቦታ ኮለምቦላ ስትንፈላሰስ የሚገኝበት ጊዜ ያለው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ብረት ትልን ጨርሶ ከመግደሉ ብዙ ቀደም ብሎ ያመክነዋል። በዓለም ላይ ለዚህ ሙከራ በብዛት የሚያገለግለው ኢሴኒያ ፌቲዳ የሚባለው ቀይ ትል ነው፤ እኛ አገር ለትል ኮምፖስት የሚታደለውም እሱ ነው። የሞት ሙከራው 14 ቀን ይፈጃል። የመራባት ሙከራው 56 ቀን ነው፦ 28 ቀን አዋቂዎቹ ይቆያሉ፣ ከዚያ ይወጡና ጫጩቶቹ እስኪፈለፈሉ ሌላ 28 ቀን ይጠበቃል። በሰው ሠራሽ አፈር በተሠራ ሙከራ ግማሾቹን ትሎች በ14 ቀን ለመግደል በኪሎ አፈር ከ600 ሚሊግራም በላይ መዳብ አስፈልጓል። የእንቁላላቸውን ብዛት በግማሽ ለማውረድ ግን 50 ሚሊግራም ገደማ በቅቷል። በዚንክም እንዲሁ ነው፦ ለሞት 1000 ገደማ፣ ለእንቁላሉ ከ300 በታች። በእርሻ አፈር ቁጥሩ ይለወጣል፤ ሸክላው፣ ብስባሹና የአፈሩ አሲድነት ይጫወቱበታል። ቅደም ተከተሉ ግን ያው ነው። መጀመሪያ እንቁላሉ ይቀንሳል፣ ቀጥሎ ጫጩቱ ይጠፋል፣ አዋቂዎቹ አርጅተው ሲያልቁ መሬቱ ባዶ ይሆናል። ባለቤቱ የሚነቃው መጨረሻ ላይ ነው።

የእርሳስ ነገር ለብቻው ነው። በዚያው ዓይነት ሙከራ የትሉን እንቁላል በግማሽ ለመቀነስ በኪሎ 2000 ሚሊግራም አካባቢ እርሳስ አስፈልጓል። በዚህ መጠን እርሳስ ባለው አፈር ላይ ልጅ ማጫወት ፈጽሞ አይታሰብም። በዌልስ ኩምአስትዊዝ በሚባለው የድሮ የእርሳስ ማዕድን ቦታ ላይ ትሎች ይኖራሉ፤ በትውልድ ብዛት ችለውታል። ስለዚህ ከላይ በቤቱ በኩል ትል መኖሩ ያኛው መሬት ከእርሳስ ነጻ ነው የሚል ማረጋገጫ አይሆንዎትም። ትል ስለ መዳብ ጥሩ ምስክር ነው፣ ስለ እርሳስ ግን ደካማ ምስክር ነው።

የእርስዎን የሚመስል ታሪክ ልንገርዎ። በእንግሊዝና በኔዘርላንድ የፍራፍሬ እርሻዎች ለብዙ ዓመታት የቦርዶ ድብልቅ በሚባል፣ መዳብ ባለው የሻጋታ መድኃኒት ተረጭተዋል። መዳቡ ከላይኛው አፈር ላይ ተከማቸ፣ ትሉ ጠፋ፣ የረገፈው ቅጠልና ሣር ሳይበሰብስ ከላይ ተነባበረ። በእንግሊዝ አቨንማውዝ የሚባለው የዚንክ ማቅለጫ አካባቢም፣ በስዊድን ጉሱም የነሐስ ፋብሪካ ዙሪያም የታየው ይኸው ነው፦ ወደ ፋብሪካው በቀረቡ ቁጥር ትሉ ይሳሳል፣ ያልበሰበሰው ቅጠል ይወፍራል። የእርስዎ ማሳ ከማቅለጫ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ግን «ገለባው እንዳለ ይገኛል» ሲሉኝ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ እነዚያ የፍራፍሬ እርሻዎች ናቸው። ቲማቲምዎን በምን እንደሚረጩ አልነገሩኝም። መዳብ ያለው የሻጋታ መድኃኒት ከሆነ፣ ጥፋቱ ከጋራዡ ሳይሆን ከራስዎ ጀርባ ላይ ካለው መርጫ ሊሆን ይችላል። ማንኮዜብ የሚባለው የሻጋታ መድኃኒትም ዚንክና ማንጋኒዝ አለው፤ ዓመት በዓመት ሲረጭ ዚንኩ አፈሩ ላይ ይቀራል። ካርቤንዳዚም የሚባለው የሻጋታ መድኃኒት ደግሞ ብረት የሌለው ሆኖ ሳለ ለመሬት ትል በጣም መርዛማ ነው። ስለዚህ ላቦራቶሪ ከመሄድዎ በፊት ላለፉት ጥቂት ዓመታት የትኛው መደብ ላይ ምን እንደተረጨ አባትዎን ጠይቀው ይጻፉ። የታችኛው መደብ የቲማቲም ቦታ ከሆነ መልሱ ግማሽ መንገድ መጣ ማለት ነው።

ቤት ውስጥ ባለ ዕቃ የሚሠራ ምርመራም አለ። የመጀመሪያው ቁፋሮ ነው። ከላይኛውም ከታችኛውም መደብ ጎንና ጎኑ 25 ሴንቲሜትር፣ ጥልቀቱ 30 የሆነ አፈር ያውጡ። ነጭ ላስቲክ ላይ ዘርግተው በእጅዎ ይበትኑት። ትል ከቆጠሩ አይበቃም፤ ዕድሜውን ይዩ። አዋቂው ትል ከራሱ ዝቅ ብሎ ያበጠ፣ ቀለሙ ከሌላው አካሉ ለየት ያለ ቀለበት አለው። ልጁ የለውም። እንቁላሉ ከ2 እስከ 5 ሚሊሜትር የሚሆን፣ ጫፉ ሾል ያለ፣ ቢጫ ወይም ቡናማ ነው። ጤነኛ መሬት ላይ ልጆቹ ከአዋቂዎቹ ይበዛሉ። አዋቂ ብቻ ካገኙ፣ ልጅም እንቁላልም ከሌለ፣ ቁጥሩ ደህና ቢመስልም ችግር ጀምሯል። የላይኛውን መደብ በዚህ ዓይን እንዲያዩልኝ እፈልጋለሁ።

ጥልቅ የገባውን ትል ለማውጣት ሰናፍጭ አለልዎ። ያልተቆላ፣ የተፈጨ ሰናፍጭ 50 ግራም በ5 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው ትንሽ ያቆዩት። ፍል ውሃ አይጠቀሙ፣ የሚያቃጥለው ነገር አይወጣም። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር ቦታ ላይ ቀስ እያሉ ያፍስሱት። ትል ካለ በደቂቃዎች ውስጥ እየተገላበጠ ይወጣል። የወጣውን ወዲያው በንጹሕ ውሃ ይጠቡት፣ አለዚያ ይሞታል። ጎንደር ላይ ከዚህ የረከሰ የምርምር መሣሪያ የለም።

ሁለተኛው የገለባ ከረጢት ነው፤ እኔ ከሁሉም አብልጬ የምወደው ይህንን ነው። ደረቅ ገለባ 10፣ 10 ግራም እየመዘኑ ግማሹን በሽንኩርት መረብ፣ ግማሹን በሻሽ ጨርቅ ይቋጥሩ። በመረቡ ቀዳዳ ትልም ሺህ እግርም ይገባል። በሻሹ ባክቴሪያና ሻጋታ እንጂ ትል አይገባም። ከሁለቱም ዓይነት አምስት አምስት አድርገው በላይኛውና በታችኛው መደብ ከ5 እስከ 10 ሴንቲሜትር ጥልቀት ይቅበሩ። ውሃውን ለሁለቱም እኩል ያጠጡ። ከሁለት ወር በኋላ አውጥተው አፈሩን ያራግፉ፣ ያድርቁ፣ ይመዝኑ። ከላይ የመረቡ ገለባ አልቆ የሻሹ ከተረፈ፣ ከታች ደግሞ ሁለቱም እኩል ከቀሩ፣ የጎደሉት እንስሳቱ ናቸው። ከታች የሻሹ ገለባ ራሱ ከላይኛው ሻሽ ብዙ ከዘገየ ግን ጉዳቱ ባክቴሪያውና ሻጋታው ጋ ደርሷል ማለት ነው። ያኔ ነገሩ ከበድ ይላል።

ሦስተኛው ለትሉ ራሱ ምርጫ መስጠት ነው። ሳፋ በካርቶን ለሁለት ይከፍላሉ። ግማሹን የላይኛው፣ ግማሹን የታችኛው መደብ አፈር ይሞሉታል፣ እርጥበታቸውን ያስተካክላሉ። ካርቶኑን አንስተው 10 ትል መሐል ላይ ይለቃሉ። ሸፍነው 48 ሰዓት ከተዉ በኋላ ካርቶኑን መልሰው ይቆጥራሉ። አምስት ጊዜ ያህል ይደጋግሙት። ከአሥሩ ከሁለት ያነሱት ብቻ በታችኛው አፈር ከተገኙ፣ ትሎቹ አፈሩን ጠልተውታል። ለምን እንደጠሉት አይነግሩዎትም። ጨውም፣ ሳሙናም፣ ነዳጅም ሊሆን ይችላል፤ ከላያችሁ ያሉት አጣቢዎች ሳሙና እንደሚለቁ አይርሱ።

ኮለምቦላና ማይትን ማየት ካማረዎ የሃይላንድ ጠርሙስ አንገቱን ቆርጠው ይገልብጡትና ወንፊት አድርገውበት አፈር ይሙሉት። ከላይ ሙቀት የሚሰጥ አምፖል፣ ከታች አልኮል ያስቀምጡ። አፈሩ ከላይ ሲደርቅ እነሱ ወደ ታች ሸሽተው ይወድቃሉ። ካቲካላም ይሠራል። ከዚያ በኋላ እንዳይጠጣ እንጂ።

ላቦራቶሪን በተመለከተ አንድ ወጥመድ አለ። የጎንደር አካባቢ አፈር በብዛት ከባዛልት ድንጋይ የመጣ ነው። ባዛልት ክሮሚየም፣ ኒኬልና መዳብ በተፈጥሮው በዛ አድርጎ ይይዛል። ጋራዥ አይቶ የማያውቅ የተራራ አፈር ቢመረመር እንኳ በአውሮፓ ገደብ ሲለካ «የተበከለ» ሊባል ይችላል። በዚያ አፈር ላይ ያለው ትል ግን ምንም አልሆነ፤ ብረቱ በማዕድኑ ውስጥ ተቆልፏል። ስለዚህ የታችኛውን መደብ ብቻ አስመርምረው የመጣውን ቁጥር ከኢንተርኔት ሠንጠረዥ ጋር አያወዳድሩ። ከላይኛው መደብ ጋር ያወዳድሩት። ከወንዙ ርቆ ካለ፣ መስኖ ከማያገኝ ተመሳሳይ አፈር ሦስተኛ ናሙና ቢጨምሩ ደግሞ የተሻለ ነው።

ናሙናው ከ0 እስከ 20 ሴንቲሜትር ጥልቀት፣ ከየመደቡ ከ10 እስከ 15 ቦታ ተወስዶ የተደባለቀ ይሁን። ግማሽ ኪሎ ይበቃል። ዚንክ በተቀባ ዕቃ አይውሰዱ፤ የዕቃውን ዚንክ ነው የሚለኩልዎ። ፒኤች (የአፈሩን አሲድነት የሚያሳይ ቁጥር)፣ የብስባሽ መጠን፣ የካድሚየም፣ የእርሳስ፣ የመዳብና የዚንክ ጠቅላላ መጠን ይጠይቁ። ዲቲፒኤ በሚባል ኬሚካል ከአፈሩ የሚወጣውን መጠንም ይጨምሩበት፤ ለሕያዋን የሚደርሰውን ድርሻ በግምት የሚያሳየው እሱ ነው። ከወንዙ ደግሞ ውሃ ብቻ አይውሰዱ። ጋራዥ የሚደፋው በየሰዓቱ አይደለም። በተቀዳበት ቀን ውሃው ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ሞተሩ በሚስብበት ቦታ ከሥር የተኛው ጭቃ ግን የከረመውን ሁሉ ይዞ ይቆያል። እሱን ያስመርምሩ። ቀሃ ወደ መገጭ፣ መገጭ ወደ ጣና ስለሚሄድ የዚያ ጭቃ ጉዳይ የእርስዎ ብቻ አይደለም፤ ውጤቱን ለግብርና ጽሕፈት ቤት ማሳየት አይከፋም።

ብረት ሆኖ ቢገኝስ? ብረት እንደ ጸረ ተባይ አይፈርስም፣ በውሃ ታጥቦም አይወጣልዎትም። በመጀመሪያ መግቢያውን ይዝጉ። ብዙው ብረት የሚጓዘው ከደቃቅ ጭቃ ጋር ተጣብቆ ነው። ስለዚህ ውሃውን በቀጥታ ወደ መደብ ከመስደድ ጉድጓድ ውስጥ አሳድሮ ከላይ የጠለለውን መጠቀም ብዙ ይረዳል። የመጀመሪያው ዝናብ የጠራረገውን ጎርፍ በፍጹም አይሳቡ። ከጉድጓዱ የሚጠረገውን ደለል «ለም ነው» ብለው መደብ ላይ አይበትኑት።

ቀጥሎ ያለውን ብረት ማሰር ነው። አፈሩ አሲዳማ ሲሆን ካድሚየምና ዚንክ ይሟሟሉ። ፒኤቹ ከ6 በታች ከሆነ ኖራ ጨምረው ወደ 6.5 ያምጡት፤ መጠኑን ላቦራቶሪው ያውጣልዎ። ዋልካ አፈር ከሆነ ግን ኖራው ላያስፈልግ ይችላል፣ ፒኤቹ ብዙ ጊዜ ከፍ ያለ ነው፣ ሸክላውም ብረት ይይዛል። የበሰለ ኮምፖስት ለሁሉም ይጠቅማል። አመድ የሚጨምሩ ከሆነ የንጹሕ እንጨት ብቻ ይሁን። የጎማ ወይም ቀለም የተቀባ ጣውላ አመድ ራሱ የብረት ምንጭ ነው።

የትል ኮምፖስት የሚሠሩ ሰዎች ቀይ ትል አምጥተው እንዲለቁ ቢመክሩዎ አይስሙ። እሱ የሚኖረው ብስባሽ ክምር ውስጥ ነው፤ የማሳ አፈር ውስጥ አይከርምም። መግቢያው ከተዘጋና አፈሩ ከተስተካከለ የራስዎ ትል ከላይኛው መደብ እየተሳበ ይመጣል። በዓመት የሚጓዘው ጥቂት ሜትር ነው፣ ይታገሡት።

የሚበላውን በተመለከተ፣ ቆስጣና ሰላጣ ካድሚየም ወደ ቅጠላቸው ይስባሉ፤ ካሮትም እንዲሁ አይታመንም። እርሳስ ደግሞ ይበልጡን የሚመጣው ቅጠሉ ላይ በተፈናጠረ አፈርና አቧራ ነው፣ ስለዚህ መታጠብ ለእርሳስ ይረዳል፣ ለካድሚየም አይረዳም። ኮዴክስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ ያስቀመጠው ገደብ ለቅጠላ ቅጠል በኪሎ ካድሚየም 0.2፣ እርሳስ 0.3 ሚሊግራም ነው። ውጤቱ እስኪመጣ ቅጠሉንና ካሮቱን ወደ ላይኛው መደብ ያውጡ፤ ከታች ቲማቲም፣ ቃሪያ ወይም በቆሎ ያድርጉ። ፍሬያቸው ብረት የሚይዘው በጣም ባነሰ መጠን ነው።

ዶሮዎቹን ግን ዛሬውኑ ከታች ያስወጧቸው። ዶሮ ስትጭር አፈሩንም ትውጣለች፤ በአፈሩ ያለው እርሳስ ወደ እንቁላሏ ይገባል። የተረፈ ትል ካለም ለቅማ ትበላዋለች፣ የትሉ ካድሚየም እሷ ጉበትና ኩላሊት ውስጥ ይቀመጣል። ላይኛው መደብ በኩል አጥር ሠርተው ያስሯቸው፣ መኖ ይስጧቸው። የአፈሩ ውጤት እስኪታወቅ ድረስ ከነዚህ ዶሮዎች እንቁላል ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡር አይስጡ፣ ሲያርዱም ጉበቱን ለይተው ይጣሉት። ውጤቱ ሲመጣ ቁጥሮቹን ከሦስቱ ናሙና ቦታዎች ስም ጋር፣ የተረጨውንም መድኃኒት ዝርዝር ጨምረው ይላኩልኝ፤ ኖራው ስንት ኩንታል እንደሚሆን አብረን እናሰላዋለን።